ድንቄ ቱፋ እና የራዲዮው ዝምታ

ግርማ ደውሎ «ድንቄ አረፈች» አለኝ። ግርማ የድሮው ቴክኒሻናችን ነው፤ መርዶ ማለሳለስ አያውቅበትም። እኔ ለሕክምና አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ስለነበር ቀብሩ አልፎኛል። መጀመሪያ የጠየቅሁት ምን አግኝቷት እንደሞተች ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጥኩት። ቀብሯ ላይ ብዙ ሰው መጥቶ እንደሆነ ልጠይቀው ነበር። ግርማ ግን ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«አስቱ፣ ቡልቡላ ያን ያህል ሰው አይቼ አላውቅም። አስፋልቱ ተዘግቶ መኪና ቆመ እኮ! አስተማሪ በይው፣ ነጋዴ በይው፣ ጋሪ ነጂ በይው፣ ያልወጣ የለም።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እያለቀስኩም ቀናሁ። በሰው ቀብር የሚቀና ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እነሆ እኔ አለሁላችሁ።

ሰው ሲሞት ክፉው ይረሳል ይባላል። እኔ ስለ ድንቄ ቱፋ የምረሳው ክፉ ነገር የለኝም፤ ችግሬም እሱ ነው። እንድጠላት የሚያመቸኝ አንድ ነገር ብትሰጠኝ ኖሮ ይኼን ሁሉ ዓመት አላስታውሳትም ነበር። እሷ ግን የምትሰጠው ሳቋን ነው፤ የምትወስደው ደግሞ ምሳዬንና ጃንጥላዬን።

የተገናኘነው በደርግ ጊዜ ናዝሬት ላይ፣ በራዲዮ ትምህርት ስናሰራጭ ነው። ለማያውቀው ልንገር። ያኔ ከወንጂ እስከ አርሲ ነገሌ ባሉት ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ አንድ ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ራዲዮ ይቀመጥ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ የክፍሉ መምህር ይከፍተዋል፤ እኛ ናዝሬት ስቱዲዮ ቀድተን ያስቀመጥነው ትምህርት ይመጣል፤ ልጆቹ ከራዲዮው ይማራሉ። መምህሩ እጁ ላይ እኛ የላክንለት መምሪያ አለ፤ ምን እንደሚያዘጋጅ፣ ከራዲዮው በኋላ ምን እንደሚያሠራ ይነግረዋል። የእኛ ሥራ የዓመቱን ኮርስ ማቀድ፣ ስክሪፕቱን መጻፍና ማስቀዳት ነበር። የማናየውን ልጅ ነው የምናስተምረው።

እኔ በዚያ ቤት የታወቅሁ ሰው ነበርኩ። ድምፄ ያምራል፤ ይኼን ስል አላፍርም፣ እግዜር የሰጠኝ ነው። አማርኛዬም ያምራል። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ናዝሬት የሰፈረ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ በቤታችን አማርኛ ሲሰበር ብርጭቆ የተሰበረ ያህል ሁላችንም እንደነግጥ ነበር። ገበያ ወጥቼ ፓፓያ ስጠይቅ ባለፓፓያዋ «ውይ፣ ራዲዮዋ!» ብላ ትመርቅልኛለች። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? በቃኝ፣ ተደላድዬ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ድንቄ መጣች። ቡልቡላ ተወልዳ፣ እዚያውና አርሲ ነገሌ አስተምራ፣ ወደ እኛ ተዛወረች። ረጅም ናት፤ ጫማዋ ከሩቅ ይሰማል፤ ስትስቅ ግርማ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጻ ያቋርጣል። የመጣች ዕለት ምሳ ዕቃዬን ከፍታ «ምን አመጣሽልኝ?» አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምሳ መቋጠር ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም።

መጀመሪያ የቀናሁባት በአንዲት ጥያቄዋ ነው። ስክሪፕቴን ስትቀበለኝ መግቢያውን አታነብም። እኔ መግቢያው ላይ ነው የምደክመው፤ «የነገይቱ ኢትዮጵያ ተረካቢዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ» ብዬ ስጀምር ራሴንም ደስ ይለኛል። እሷ መጨረሻውን ገልጣ ትጠይቃለች፦

«አስቱ፣ ልጁ ከዚህ ሲነሳ ምን ማድረግ ይችላል?»

«ማለት?»

«አሁን የማይችለው፣ ሲያልቅ የሚችለው ነገር ምንድነው? እሱን ንገሪኝና ስለ አረፋፈዱ በኋላ እናወራለን።»

እሷ ከመጨረሻው ነው የምትጀምር። ልጁ የሚችለውን ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጋ ትጽፍና ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሰች ወደዚያ የሚያደርሰውን ትሠራለች፤ የማያደርሰውን ትጥላለች። የምትጥለው ብዙ ጊዜ እኔ የምወደውን ነው። «አንድ ትምህርት አንድ ጉርሻ ነው» ትላለች፣ የኔን እንጀራ እየጎረሰች። «ሁለት ካጎረስሽው ያንቀዋል።»

ሌላ ቀን ደግሞ «አሁን መስኮቱን ክፈቱና ሰማዩን ተመልከቱ» ብዬ የጻፍኩትን አየች።

«የትኛውን መስኮት?» አለችኝ።

«የክፍሉን ነዋ!»

«ቡልቡላ ያስተማርኩበት ክፍል በር ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ መስኮት ፍለጋ ሲዞሩ ሰማዩ ያመልጣቸዋል።»

ግርማ ሳቀ። እኔ ፊቴ ቀላ፤ መስኮቱን ሰረዝኩት። ከመሰረዙ ይልቅ ያንገበገበኝ ትክክል መሆኗ ነው። ዞር ስትል «ድንቄም ድንቄ!» ብዬ አጉተመተምኩ። ሰምታኛለች። «ምቀኛ አታሳጣኝ!» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ቀልዷ እንዳይመስላችሁ፣ እንደምቀናባት ደህና አድርጋ ታውቅ ነበር። አንድ ጊዜ አብረን ወደ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ ወደሚሏት ከተማ ሄድን። ትምህርታችን እንዴት እንደሚሰማ ክፍል ገብተን እንድናይ ያነሳሳችን እሷ ናት። እኔ እስከዚያ ቀን የራሴን ትምህርት ከልጆች ጋር ተቀምጬ ሰምቼው አላውቅም። ከኋላ ተቀመጥን። የሒሳብ ትምህርቴ መጣ፣ ድምፄ ክፍሉን ሞላው፣ ኮራሁ። ራዲዮው «ልጆች፣ ሰባት በሦስት ሲባዛ ስንት ይሆናል?» አለ። ፊት የተቀመጠው ልጅ አፉን ከፈተ። ራዲዮው ወዲያው «አዎን! ሃያ አንድ! ጎበዞች!» አለ። ልጁ አፉን ዘጋ። ቀጠለ፤ «ስምንት በሦስትስ?» ልጁ አፉን ከፈተ። «ጎበዞች!» አለ ራዲዮው። ትምህርቱ እስኪያልቅ ያ ክፍል አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጎበዝ እየተባለ ዋለ።

ድንቄ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስንወጣ ክንዴን ይዛ «አስቱዬ፣ አንቺ እኮ ሳይወለዱ ክርስትና ታነሻቸዋለሽ» አለችኝ። «ራዲዮ ዓይነ ስውር ነው፤ የልጁን እጅ አያይም። ስለዚህ እጁ እንዳለ አምኖ መጠበቅ አለበት።»

እንዲህ ያለ ነገር ሳታስብበት ትናገራለች። እኔ አንዲት እንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ሳምንት እብሰለሰላለሁ። ስንመለስ ላንድሮቨሩ ውስጥ አቧራው አሞኛል ብዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ናዝሬት ገባሁ።

ከዚያ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ኮርስ መጣ። ከላይ መመሪያ ወርዶ አዲስ ኮርስ ለዓመቱ በሙሉ እንዲዘጋጅ ታዘዘ። እስከዚያ ድረስ ኮርሶቹን ለሦስት ለአራት ሆነን ነበር የምንቆርሳቸው፤ ይኼኛውን ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቅደው ተወሰነ። የእኛ ኃላፊ ጓድ ይልማ ሁለታችንን ጠርቶ ስለ አንድ ርዕስ፣ ስለ ውሃ መትነን፣ እያንዳንዳችን አንድ ትምህርት እንድናዘጋጅ አዘዘን። ሁለቱም አርሲ ነገሌ ባለ አንድ ክፍል ይሰማል፤ የተሻለው ኮርሱን ይወስዳል።

ይኼ ለኔ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ባለፓፓያዋ ራዲዮዋ ትለኛለች፤ አስተማሪዋ አትለኝም። የብዙ ሰው ጽሑፍ አነባለሁ፤ ልጆቹ ድምፄን ያውቃሉ እንጂ የማንን ትምህርት እንደተማሩ አያውቁም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ዓመት ብቻ፣ ከወንጂ እስከ ነገሌ ያለ ልጅ «አስተማሪያችን» ሲል እኔን እንዲል ፈለግሁ። ለደመወዝም ለሹመትም አልነበረም። ይኼን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈልገው ነበር፤ ድንቄ ደግሞ ነገሌ ላይ በጠመኔ አቧራ ውስጥ ሆና አግኝታው መጥታለች። እሷ አንድ ጊዜ ጠግባለች፤ ይኼኛው ለኔ ይገባኛል ብዬ አመንኩ።

ጻፍኩ። እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። የፀሐይ ጨረር ሐይቁን ሲዳብሰው፣ ውሃው እንደማይታይ ክር ወደ ሰማይ ሲመዘዝ፣ ደመናው ሲጠነሰስ። ጓድ ይልማ የሚወደውን ስለ አምራች ዜጋ የሚናገር መዝጊያ ጨመርኩበት። ግርማ ቴፑን ሲቀዳ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ድንቄስ? ድንቄ ሳምንቱን ሙሉ ስትዞር ነበር። የጎረቤት ትምህርት ቤቶችን መምህራን «ክፍላችሁ ውስጥ የማይጠፋ ነገር ምንድነው?» እያለች ትጠይቃለች። ሰሌዳ፣ ጨርቅ፣ ውሃ፣ ድንጋይ አሏት። በዚህ ምን ልትሠራ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

አርሲ ነገሌ የገባነው የእህል ገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ በአህያና በጆንያ ተጣቦ ላንድሮቨሩ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነው ያለፈው። ጓድ ይልማ ካኪውን ለብሶ ከክፍሉ ፊት ተቀመጠ። ግርማ ያመጣው ቴፕ ማጫወቻ ለዕለቱ ራዲዮ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የኔ ተሰማ። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ራዲዮው ላይ ተክለው፣ አንድም ሳይንቀሳቀስ አዳመጡኝ። ዝንብ ቢያልፍ ይሰማል። ጓድ ይልማ ራሱን ነቀነቀ። ድንቄን በዓይኔ ፈለግሁ፤ ልጆቹን ነበር የምታየው፣ ፊቷ ላይ የድል ጥላ እንኳ የለም። አሸንፌያለሁ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ የእሷ። አነበበችው ራሷ፤ ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ጎሮሮዋን የምትጠርግ ይመስላል። ራዲዮው «መምህር፣ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይጥረጉት» አለ። መምህሩ ጠረገው። «ልጆች፣ ሰሌዳው ላይ ምን አለ?» ዝም። ልጆቹ ተያዩ። ራዲዮው አሁንም ዝም። አንዷ በፍርሃት «ውሃ» አለች፤ ከዚያ ሁሉም «ውሃ!» አሉ። «አሁን እርጥቡን ተመልከቱ። ዓይናችሁን አትንቀሉ። የት እንደሚሄድ ትነግሩኛላችሁ» አለና ራዲዮው ዝም አለ።

ዝም አለ ስላችሁ ዝም አለ ማለቴ ነው። ቴፑ ይዞራል፤ ድምፅ የለም። እርጥቡ ከሰሌዳው ዳር ዳር ቀስ እያለ ይሸሻል። ልጆቹ መነሳት ጀመሩ፤ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወደ ሰሌዳው ተጠጉ። «ቢሻን ኤሳ ዴሜ?» ይባባላሉ በሹክሹክታ፤ ውሃው የት ሄደ ማለት ነው። ጓድ ይልማ ግርማን አየው። ግርማ ትከሻውን ነቀነቀ። ጓድ ይልማ ቴፑ የተበላሸ መስሎት ብድግ አለና ማጫወቻውን መታ መታ አድርጎ ቁልፉ ላይ እጁን አሳረፈ።

«ተው!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ። «ገና ነው! አልደረቀም!»

በዚያ ዘመን ካኪ የለበሰ ሰው ላይ የሚጮህ አዋቂ እንኳ አልነበረም። የክፍሉ መምህር አመድ መሰለ። ጓድ ይልማ እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ልጆቹ ወደ እሱ ዞረውም አያዩትም፤ ሰሌዳው መሀል ላይ የቀረችውን መዳፍ የምታህል እርጥብ ነው የሚያዩት። እርጥቧ ጠበበች፣ ጠበበች፣ ጠፋች። ልክ ያኔ የድንቄ ሻካራ ድምፅ ተመልሶ «የት ሄደ?» አለ። ክፍሉ ተናጋ፤ «ፀሐይ ጠጣው!» «አየሩ ወሰደው!» «ወደ ላይ ሄደ!»

እኔ ያን ጊዜ ግድግዳው ውስጥ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። ከኔ ትምህርት በኋላ ልጆቹን ብትጠይቋቸው ምን እንደሚመልሱ አውቀዋለሁ፤ «ሴትዮዋ በደንብ ትናገራለች» ነው የሚሉት። ያ ሁሉ ጸጥታ የጨዋነት እንጂ የመማር አልነበረም።

ስንመለስ ጓድ ይልማ ዝዋይ ላይ ዓሣ ጥብስ አዘዘልን። እየበላ ድንገት ቀና ብሎ «ልጅ ሲጮህብኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። እኔ ተስፋ አደረግሁ፤ አልዋሽም።

«ይቅርታ ጓድ ይልማ» አለች ድንቄ። «ልጆቹ እርስዎን አላወቁም።»

«ስለማያውቁኝ አይደለም የጮኹት፤ ሥራቸውን ስላቋረጥኳቸው ነው» አለ። ከዚያ ራሱን ያዘ። «ግን ለበላይ አካል ምን ብዬ ነው የማስረዳው? የአየር ሰዓት ለዝምታ እንዴት ይመደባል?»

«ለልጆቹ ተመደበ ይበሉ» አለች፣ ከኔ ሳህን ላይ የዓሣውን ጭራ እያነሳች።

ኮርሱ የድንቄ ሆነ። ዓሣውን ስጨርስ ደግሞ ሁለተኛው ፍርድ መጣ፦ ድምፁ የኔ እንዲሆን። የሷ ድምፅ ዓመት ሙሉ የሚደመጥ አይደለም አለ ጓድ ይልማ። እሷም ምንም ሳትቀየም «እኔም እሷን ልጠይቅዎ ነበር» አለች። የምፈልገው እጇ ገባ፣ የማልፈልገው እጄ ገባ፤ ድንቄ ልትጽፍ፣ እኔ ልተነፍስላት። እንቢ ልል ፈለግሁ። ግን እንቢ ብል ሌላ ሰው ሊያነበው ነው፤ እሱንም አልቻልኩትም።

እነዚያ የቀረጻ ወራት ለኔ ጎምዛዛ ነበሩ። ለዝምታው ግርማ ባዶ ቴፕ ቆርጦ መቀጠል ይችል ነበር። ድንቄ አልፈቀደችም። እኔ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ ጥያቄውን አነባለሁ፤ እሷ ከመስተዋቱ ኋላ ቆማ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች። እጇ እስኪወርድ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን በከፊል ጨፍና፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ እጇን ታወርዳለች፤ እኔ «ጎበዞች» እላለሁ።

አንድ ቀን መረረኝ። «ምን ያህል ነው የምታቆዪኝ? ሰው ራዲዮው ሞተ ይላል እኮ!»

«ዝም አይነቅዝም» አለችኝ።

«ደግሞ ከንፈርሽን ምን ያንቀሳቅስሻል? ጸሎት ነው?»

ግርማ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። ወደ ስቱዲዮው ገብታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ ጠረጴዛውም ይጮኻል።

«ልጅ ሳለሁ አስተማሪያችን በአማርኛ ይጠይቀን ነበር» አለች። «እኔ ቤት ውስጥ ያደግሁት በኦሮምኛ ነው። ጥያቄውን ሲጥልልኝ አንስቼ ወደ ቤት እወስደዋለሁ።»

«የትኛው ቤት?»

«እዚህ» አለች ደረቷን ነክታ። «እናቴ ዘንድ። እዚያ መልሱን ወዲያው አገኘዋለሁ፤ ሰነፍ አልነበርኩም አስቱ። ከዚያ አማርኛ አልብሼው ይዤው እመለሳለሁ። ስደርስ ሌላ ልጅ መልሶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ሌላ ጥያቄ ተጠይቋል። ሁሌ ዘግይቼ ነው የምደርስ። አስተማሪው ደንቆሮ ናት ብሎ ኋላ አስቀመጠኝ። አሁን አንቺ ስትጠይቂ ያን መንገድ እሄደዋለሁ። ሄጄ ስመለስ እጄን አወርዳለሁ።»

ለማሳዘን አልነበረም የነገረችኝ፤ ነግራኝ ስታበቃ ጫማዋ ውስጥ የገባ ጠጠር ማራገፍ ጀመረች።

እዚህ ላይ የሚያምር ነገር ብናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ አዘንኩላት፣ ቅናቴም በረደ ብል። አዝኛለሁ፣ እውነት ነው። ግን ከዚያን ቀን ይልቅ ቀንቼባት አላውቅም። ድምፅ ይገራል፣ ጽሑፍ ይታረማል፣ ስክሪፕት ከመጨረሻው መጀመርም ይለመዳል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ያንን መንገድ ግን አልሄድኩበትም፣ ልሄድበትም አልችልም። እኔ አስተማሪ ሲጠይቅ መልሱ አፌ ላይ የሚገኝ ልጅ ነበርኩ፤ ሲጨበጨብላት የነበረችዋ ልጅ እኔ ነኝ። ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ከኋላ ያየችውን አየች፣ እኔ ሳላይ ቀረሁ። በሰው መከራ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ኮርሱ አየር ላይ ከዋለ በኋላ ሰው ያመሰግነኝ ጀመር። መምህራን ናዝሬት ሲመጡ እኔን ፍለጋ ይገባሉ፤ «ያቺ የሳይንስ ትምህርትዎ!» ይሉኛል። እኔ ድንቄን እጠቁማለሁ፣ እሷ እጇን አወናጭፋ «ኤዬ፣ እሷ ናት እሷ ናት» ትልና ምሳ ዕቃዬ ላይ ታጎነብሳለች። ልጆቹ ግን አያውቋትም፤ የሚያውቁት ድምፁን ነው። እና አንድ ሐሳብ በልቤ ገባ። ክፍል ልግባ፣ ልጆቹ ይዩኝ፣ ከፊታቸው ቆሜ አንድ ጊዜ አስተማሪያችን ይበሉኝ። ኮርሱን ባጣው ያንን እንኳ ለምን አጣለሁ?

አዲስ የታተመውን የመምህራን መምሪያ ላድርስ ብዬ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሄድኩት ቡልቡላ ነው። የድንቄ አገር መሆኑ እንዳልገፋኝ ብናገር ማንም አያምነኝም፣ እኔም አላምንም።

መምህር ገመዳ የሚባሉ ሽበታም አስተማሪ ተቀበሉኝ። «እንግዳ እንደመጣ አንነግራቸውም፣ መጀመሪያ ይስሙ» ብለው ከኋላ አስቀመጡኝ። ክፍሉ እውነትም መስኮት የለውም። ራዲዮው ተከፈተ፤ ድምፄ መጣ። ትምህርቱ ስለ ዘር መብቀል ነበር። ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ዝም አልኩ። በዝምታው ውስጥ ልጆቹ ወደ ጎን ወደ ጎን ዘንበል ብለው በኦሮምኛ ሹክ ተባባሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ባንድ ላይ በአማርኛ መለሱ። የመጨረሻዋ ቃል ከአፋቸው እንደወጣች ራዲዮው «ጎበዞች!» አለ። ልክ ነበር። እንደገናም ልክ ነበር። ጎበዝ ሲባሉ የሚሳሳቁት እውነተኛ ሳቅ ነው፤ ሠርተው ነዋ የተባሉት።

ትምህርቱ ሲያልቅ መምህር ገመዳ ክንዴን ይዘው ወደ ፊት አመጡኝ። «ራዲዮዋን ታውቋታላችሁ? ይቺውላችሁ!» አሉ።

አላመኑም። «እንደምን አረፈዳችሁ ልጆች» አልኩ። ክፍሉ ጮኸ። ከየወንበሩ ዘለው ከበቡኝ፣ ቀሚሴን ነኩ፣ አንዷ ጎሮሮዬን ልትነካ እጇን ዘረጋች። ይኼ ነበር የፈለግሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ድንቄን ረሳኋት፤ እውነቴን ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ከልቤ ረሳኋት።

ከፊቴ አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማ ነበር። ሌሎቹ ሲጮኹ እሷ ታስባለች። ስትናገር ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነው።

«የምትጠብቂን አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እንዴት የኔ ልጅ?»

«ትጠይቂና ዝም ትያለሽ። እኛ እስክንጨርስ ትጠብቂናለሽ። ሌላ ሰው አይጠብቀንም።»

አዎ ብል ማን ያውቃል? ድምፁ የኔ ነው፤ ዝምታውም በኔ ቃል መካከል ነው ያለው፤ ትንፋሼን የያዝኩትም እኔ ነኝ። መምህር ገመዳ ፈገግ ብለው ያዩኛል። ልጅቷ ትጠብቃለች። እኔም እንደዚያ ጊዜ ረጅም ዝም ብዬ አላውቅም።

«አይደለሁም» አልኩ። «እኔ የምናገረዋ ነኝ። የምትጠብቃችሁ ሌላ ናት። ድንቄ ትባላለች፤ የዚሁ የቡልቡላ ልጅ ናት።»

ልጆቹ ስሟን ከአፍ ወደ አፍ አሳለፉት። ቀሚሴን የያዙት እጆች ለቀቁኝ። ልጅቷ እኔን አልፋ ከኋላዬ ወዳለው በር አየች።

«ታዲያ እሷ ለምን አልመጣችም?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። እኔም አብሬያቸው ዞርኩ።